የቀለብ ገንዘብና የዘር ገንዘብ፤ በናይሮቢ ያለ ፋውንዴሽን የገጠር ማኅበሮችን እንዴት እንደሚረዳ

ገበሬ በጐተራው ውስጥ ሁለት ዓይነት እህል አለው። አንደኛው ለቀለብ የተመደበው ነው፤ ሁለተኛው ለዘር የተለየው ነው። ሁለቱም ከአንድ ማሳ የታጨዱ ቢሆኑም በቤቱ ውስጥ ያላቸው ክብር አንድ አይደለም። የቀለቡ እህል ሲያልቅ ቤተ ሰቡ ይራባል፤ የዘሩ እህል ሲያልቅ ግን ረኃቡ ወደሚመጣው ዓመት ይሻገራል። በክፉ ዘመን ዘሩን በልቶ የጨረሰ ሰው ዝናቡ በጊዜው ቢመጣለት እንኳ በማሳው ላይ የሚበትነው ስለሌለው ብድር ፍለጋ የጐረቤቱን ደጅ መጥናቱ አይቀርም። ይህ ነገር በገንዘብም ላይ እንዲሁ መሆኑን በማሰብ፣ ለገጠር ማኅበሮች የሚሰጠውን ገንዘብ ቀለብና ዘር አድርጎ ከሚለየው ድርጅት መካከል አንዱ በኢትዮጵያ ጐረቤት በኬንያ፣ በናይሮቢ ከተማ ይገኛል።

ድርጅቱ የኬንያ የማኅበረሰብ ልማት ፋውንዴሽን ይባላል። የተመሠረተው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በመነሻው የፎርድ ፋውንዴሽንና የአጋ ካን ፋውንዴሽን ረድተውታል። ሥራው በራሱ እጅ ጕድጓድ መቈፈር ወይም ችግኝ መትከል አይደለም። ከኩባንያዎች፣ ከግለሰቦች፣ ከውጭ አገር ድርጅቶችና ከራሱ ከሕዝቡ ገንዘብ ይቀበላል፤ የተቀበለውንም ጕድጓድ ለሚቈፍሩት፣ ችግኝ ለሚተክሉትና ልጆች ለሚያስተምሩት የየአካባቢው ማኅበሮች የማይመለስ ርዳታ አድርጎ ያከፋፍላል። ይህ የቀለቡ ገንዘብ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ማኅበር፣ አንድ ቤተ ሰብ ወይም አንድ መንደር በስሙ ቋሚ ገንዘብ ለማቋቋም ቢፈልግ በፋውንዴሽኑ ጥላ ሥር ሊያቋቁም ይችላል። የቋሚው ገንዘብ ደንብ ቀላል ነው፤ ዋናው ገንዘብ ትርፍ በሚያስገኝ ሥራ ላይ ይውላል እንጂ አይበላም፤ ለማኅበሩ ወጪ የሚሆነው በየዓመቱ የሚገኘው ትርፍ ብቻ ነው። የዘሩ ገንዘብ የተባለው ይህ ነው።

የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የሚባለው አሳብ የተወለደው ከእርሻ አገር ሳይሆን ከፋብሪካ ከተማ ነው። በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ ፍሬድሪክ ጎፍ የተባሉ የሕግ ዐዋቂና የባንክ ፕሬዚዳንት በ1914 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አቋቋሙ። እኒህን ሰው ያስቸግራቸው የነበረው ሙታን በኑዛዜ ያሰሩት ገንዘብ ነው። ባለጸጋው ሲሞት ገንዘቡ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ይዋል ብሎ ይናዘዛል፤ ዘመን ያልፍና ጉዳዩ ይጠፋል፤ ገንዘቡ ግን ታስሮ ይቀራል። ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ኑዛዜ ነው። ፍራንክሊን በ1790 ዓ.ም. ሲሞቱ ለቦስተንና ለፊላዴልፊያ ከተሞች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተዉላቸው፤ ገንዘቡም ለወጣት የእጅ ጥበብ ሠራተኞች በብድር እየተሰጠ 200 ዓመት እንዲቈይ አዘዙ። በ1990 ዓ.ም. ቀኑ ሲደርስ የቦስተኑ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ የፊላዴልፊያውም ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ተገኘ። ገንዘቡ እንደ ታሰበው አድጎአል፤ ነገር ግን ፍራንክሊን ያሰቡለት፣ በጌታው ቤት እያደረ ሙያ የሚማረው ተለማማጅ ከጠፋ እጅግ ቈይቶ ነበር። ጎፍ ያመጡት መፍትሔ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ እንዲኖር፣ የትርፉን አዋዋል ግን በየዘመኑ ያሉ የከተማው ሰዎች በቦርድ ተቀምጠው እንደ ችግሩ እንዲወስኑ ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ዓይነት ፋውንዴሽን በብዙ አገሮች ተስፋፍቶአል።

ወደ ኬንያ ሲመጣ ግን አሳቡ ባዶ መሬት ላይ አልወደቀም። አገሪቱ በ1963 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታገኝ ጆሞ ኬንያታ «ሐራምቤ» የሚለውን ቃል የሕዝቡ መፈክር አደረጉት። ቃሉ ከባድ ነገር የሚጐትቱ ሠራተኞች ኀይላቸውን ለማስተባበር የሚጮኹት ነው። በዚህ ቃል ተሰብስቦ ሕዝቡ ትምህርት ቤት ሠራ፤ ከብቱ ከመዥገር የሚጸዳበትን ገንዳ ሠራ፤ የውሃ ቧንቧ ዘረጋ፤ ክሊኒክ አቆመ። አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ድንጋይና አሸዋ፣ ሌላውም ጕልበቱን ያዋጣ ነበር። ኋላ ግን ሐራምቤው የፖለቲካ ሰዎች በሕዝብ ፊት ገንዘብ እየበተኑ ስም የሚገዙበት፣ ድኻውም ሳይወድ የሚያዋጣበት መድረክ ወደ መሆን አዘነበለ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ሥነ ምግባር ሕግ ይህን ለመግታት ሞከረ፤ በ2024 ዓ.ም. በሐምሌ ወርም፣ ወጣቶች በአደባባይ ተቃውሞአቸውን ካሰሙ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ የመንግሥት ባለሥልጣኖች በሐራምቤ መዋጮ እንዳይካፈሉ መከልከላቸውን አስታወቁ። ነቀፋው ሁሉ እውነት ቢሆንም የሐራምቤ ጕድለት ሕዝቡ መስጠት አለመውደዱ አልነበረም። የተሰበሰበው በዚያው ቀን ተቈጥሮ በዚያው ወር የሚያልቅ መሆኑ፣ ሒሳቡንም ጠይቆ የሚመረምር ሰው አለመኖሩ ነው።

ሕዝቡ ለመስጠት እጁ እንደማያጥር በ2011 ዓ.ም. በግልጽ ታይቶአል። በዚያ ዓመት በምሥራቅ አፍሪቃ ብርቱ ድርቅ ወርዶ፣ በሰሜን ኬንያ ከብት አልቆ ሰው ሲራብ፣ «ኬንያውያን ለኬንያ» የተባለ የመዋጮ ዘመቻ ተጀመረ። የሳፋሪኮም ፋውንዴሽን፣ የኬ.ሲ.ቢ. ባንክ፣ የጋዜጣና የቴሌቪዥን ባለቤቶች ማኅበርና የኬንያ ቀይ መስቀል ተባብረው ያቆሙት ይህ ዘመቻ በአራት ሳምንት ውስጥ 500 ሚሊዮን ሽልንግ ለመሰብሰብ ታስቦ ነበር፤ የተሰበሰበው ግን ከታሰበው በለጠ። ብዙው ሰው ያዋጣው በ2007 ዓ.ም. በተጀመረው በኤም-ፔሳ አማካይነት፣ በእጁ ባለው ስልክ፣ አንዳንዱም ጥቂት ሽልንግ ብቻ ነበር። እህሉ ተገዝቶ ለተራበው ደረሰ፤ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ የጀመረው ድርቅ አምስት የዝናብ ወራትን ተከታትሎ ሲያከሽፍ በዚያው አገር ያው ረኃብ ተመልሶ መጣ። ረኃብ ሲመጣ የሚሰጥ ገንዘብ ነፍስ ያድናል፤ ውሃ የሚያቈር ገንዘብ ግን ረኃቡ ገና ሳይታሰብ፣ ሰው ሁሉ በጠገበበት ዓመት መሰጠት አለበት። በጥጋብ ዓመት ደግሞ የቴሌቪዥን ዘመቻ የለም።

ውሃ ማቈር ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ለማየት ከናይሮቢ በስተደቡብ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ማቻኮስ መሄድ ይበቃል። የካምባ ሕዝብ የሚኖርበት ይህ አገር ዝናቡ ያነሰና የተዛባ ነው፤ ወንዞቹም በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ይሞላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ደረቅ አሸዋ ነው። ሴቶቹ በአሸዋው ውስጥ ጕድጓድ እየጫሩ ውሃ ይቀዳሉ፤ በጋው እየገፋ ሲሄድ ጕድጓዱ ይጠልቃል፤ መንገዱም ይረዝማል።

የዚህ አገር ገበሬዎች የአሸዋ ግድብ የሚባለውን ዘዴ በሰፊው ይሠሩበታል። ዘዴው እንዲህ ነው። የወንዙ ወለል ዐለት የሆነበት፣ ዳርና ዳሩም የጠበበ ሥፍራ ይመረጣል። በዐለቱ ላይ ከድንጋይና ከሲሚንቶ የተሠራ ግንብ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ይቆማል። ዝናብ ሲመጣ ጐርፉ አሸዋ ተሸክሞ ይወርዳል፤ አሸዋው ከባድ ስለ ሆነ ከግንቡ በስተጀርባ ይረጋል፤ ቀላሉ ደለል ከውሃው ጋር በግንቡ ላይ አልፎ ይሄዳል። ከአንድ እስከ ጥቂት የዝናብ ወራት ውስጥ ግድቡ በአሸዋ ይሞላል። ለማያውቀው ሰው ግድቡ የተበላሸ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ገና ሥራውን መጀመሩ ነው። በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ከጠቅላላው ስፋት ከመቶ 25 እስከ 40 ያህሉን ውሃ ይይዛል። ፀሐይ ከላይ ያለውን ጥቂት ካደረቀች በኋላ ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች ያለውን ለማትነን ኀይሏ እጅግ ይቀንሳል። የወባ ትንኝ የምትፈለፈልበት ኵሬ የለም፤ ከብት ገብቶ አያደፈርሰውም፤ አሸዋውም ውሃውን ያጣራዋል። ከግንቡ ሥር በሚወጣ ቧንቧ ወይም በዳር በሚቈፈር ጕድጓድ ይቀዳል። በአካባቢው ያለው የከርሰ ምድር ውሃም ከፍ ስለሚል በወንዙ ዳር አትክልት ለማብቀል ይቻላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጐርፉ አሸዋ ሲያመጣ ነው። ከላይ ያለው መሬት ሸክላማ ከሆነ ወይም ተራቍቶ አፈሩ ከታጠበ ግድቡ በጭቃ ይሞላና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ግድብ ከመሥራት አስቀድሞ ተዳፋቱ ሁሉ እርከን ሊሠራለት ይገባል። በማቻኮስ የታወቀው እርከን «ፋንያ ጁ» ይባላል፤ በስዋሂሊ «ወደ ላይ አድርግ» ማለት ነው። የመሬቱን ልክ ተከትሎ ቦይ ይቈፈርና አፈሩ ወደ ቍልቍለቱ ሳይሆን ወደ ዳገቱ ይጣላል። በተከመረው አፈር ላይ የዝሆን ሣር ይተከልበታል፤ ሣሩ ለከብት መኖ ይሆናል፤ ማሳውም ከዓመት ዓመት እየተስተካከለ ይሄዳል። በ1930ዎቹ የእንግሊዝ የእርሻ ሹማምንት ማቻኮስ ወደ ምድረ በዳነት እየተለወጠች ነው ብለው ተስፋ ቈርጠው ነበር። ቲፈን፣ ሞርቲሞርና ጊቹኪ የተባሉ መርማሪዎች በ1994 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ እንዳስረዱት ግን ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሕዝቡ ከአምስት እጥፍ በላይ ሲበዛ የአፈሩ መሸርሸር ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ይህንንም ያደረገው በአብዛኛው የገበሬው የራሱ ጕልበትና በከተማ ሥራ ያገኘው ደመወዝ ነው።

ጕልበቱ የሚሰበሰብበት መንገድ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይሆንበትም። ካምባዎች «ምዌትያ» ይሉታል፤ የደቦና የወንፈል ወንድም ነው። ጆሹዋ ሙኩስያ የተባሉ የዚያው አገር ሰው ከጐረቤቶቻቸው ጋር በ1978 ዓ.ም. ኡቶኒ የሚባለውን ማኅበር ያቋቋሙት በዚሁ ልማድ ላይ ተመሥርተው ነው፤ ማኅበሩም በአሸዋ ግድብ ሥራው የታወቀ ሆነ። ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ውሃውን የሚያቀርበው፣ መሠረቱን የሚቈፍረው ሕዝቡ ነው። የሕዝቡ ጕልበት የማይችለው ነገር ግን አለ፤ ሲሚንቶውና ብረቱ በገንዘብ ይገዛሉ፤ ቦታውን መርጦ የግንቡን ልክ የሚያወጣ ባለሙያም ደመወዝ ይፈልጋል። ከናይሮቢ የሚሰጥ ርዳታ ትክክለኛ ቦታው ይኸው ነው፤ ሕዝቡ ሊያዋጣ ከሚችለው በላይ የሆነችውን ያችን ክፍል ይሞላል። ከዚያ አልፎ ድንጋዩንም ልግዛላችሁ ያለ ለጋስ ደቦውን ይገድለዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግንቡ ሲሰነጠቅ ጥገናው የሰጪው ጉዳይ ይሆናልና።

የኬንያው ፋውንዴሽን ርዳታ ከሚሰጣቸው ማኅበሮች ዘንድ አጥብቆ የሚፈልገውም የራሳቸው ድርሻ መኖሩን ነው። ማኅበሮቹ በመጀመሪያ ከአባሎቻቸው፣ ከአካባቢው ነጋዴዎችና ወደ ከተማ ከሄዱት ልጆቻቸው ገንዘብ እንዲያሰባስቡ ይደፋፈራሉ፤ እንዴት እንደሚያሰባስቡም ይማራሉ። ለዚህም ዓላማ ፋውንዴሽኑ ቪልደ ጋንዘን ከሚባለው የሆላንድ ድርጅት፣ እንዲሁም ከሕንድና ከብራዚል ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የማሠልጠኛ ትምህርት አዘጋጅቶአል። ነገሩ ለጆሮ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ለሃያ ዓመት ያህል የውጭ ለጋስ ጠባቂ ሆኖ የኖረ ማኅበር ወደ ጐረቤቱ ሱቅ ገብቶ «ለግድባችን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስጠን» ለማለት የሚያፍረው እፍረት ቀላል አይደለም። ነጋዴው ያለፈውን ገንዘብ የት አደረሳችሁት ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ መጠየቁም ደግ ነው፤ የሐራምቤን ጕድለት የሚያርመው ይህ ጥያቄ ነውና።

በዚህ ሥራ ውስጥ ርዳታ ፈላጊውን የሚያማርር ነገርም አለ። ርዳታ የሚሰጥ ድርጅት ሁሉ የተመዘገበ ማኅበር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የተመረጠ ኮሚቴ፣ የገቢና የወጪ መዝገብ ይጠይቃል። እጅግ የሚቸገሩት ማኅበሮች ደግሞ እነዚህ ነገሮች የሌሏቸው ናቸው። ደኅና ጸሐፊ ያለው ማኅበር ደኅና ማመልከቻ ይጽፋል፤ ደኅና ግድብ የሚሠራው ግን ሁልጊዜ ደኅና ጸሐፊ የለውም። በዚህ ረገድ ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ በ1977 ዓ.ም. በጀመሩት የአረንጓዴ መቀነት እንቅስቃሴ የተሠራበት ደንብ የሚጠቅም ትምህርት ይሰጣል። የገጠር ሴቶች በቡድን ሆነው ችግኝ ያፈላሉ፤ ጥቂት ሳንቲም የሚከፈላቸው ግን ለተከሉት ሳይሆን ተክለውት ለጸደቀው ችግኝ ነው። መቍጠር የቻለች ሴት ሁሉ ይህን ሒሳብ ልትይዝ ትችላለች። ማታይ በ2004 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ እንቅስቃሴው ከተከላቸው ዛፎች ብዛት 30 ሚሊዮን ያህል ደርሶ ነበር።

የገንዘቡ ምንጭ ነገር በ2025 ዓ.ም. ከቀድሞው ይልቅ አሳሳቢ ሆነ። በዚያ ዓመት በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን አገደ፤ ዩ.ኤስ.ኤይድ የተባለው መሥሪያ ቤትም በሐምሌ ወር መጀመሪያ ሥራውን አቆመ። በኬንያም ሆነ በኢትዮጵያ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ፤ የተጀመረ ሥራ በጅምር ቀረ። ለገጠር ማኅበሮች ይህ እንደ ድንገተኛ ድርቅ ነበር፤ ልዩነቱ ሰማይ አይቶ ለመገመት የማይቻል መሆኑ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቋሚ ገንዘብ መድኅን ነው ብሎ መደምደም የሚያስቸኩል ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምሳሌ አንድ ማኅበር 1,000,000 ሽልንግ አጠራቅሞ በዓመት ከመቶ 10 ትርፍ ቢያገኝ 100,000 ሽልንግ ይሆንለታል። ነገር ግን የዕቃ ዋጋ በዚያው ዓመት ከመቶ 6 ቢወደድ፣ ዋናው ገንዘብ ኀይሉ እንዳይቀንስ 60,000ውን መልሶ መጨመር አለበት፤ ለሥራ የሚቀረው 40,000 ብቻ ነው። ይህን ሳያደርግ ትርፉን ሁሉ የሚያወጣ ማኅበር ዘሩን በስውር እየበላ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ቍጥር ሳይለወጥ ከዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ የሚገዛው ሲሚንቶ ግማሽ ይሆናል። ከዚህም በላይ አንድ ሚሊዮኑን ለማጠራቀም ብዙ ዓመት ያስፈልጋል፤ በመካከሉ ሕፃን ሲታመም፣ ከብት ሲያልቅ፣ ያ ገንዘብ ተቀምጦ ማየት ጨካኝነት ይመስላል። ስለ ዘር እህል በየቤቱ የሚነሣው ክርክር በማኅበሩም ስብሰባ ላይ ይነሣል፤ ሁልጊዜም አይበላ የሚለው ወገን ትክክል አይደለም። ናይሮቢ ካለው ፋውንዴሽን ዘንድ ገንዘቡን ማኖር አንዱ ጥቅም ይህ ነው፤ ብዙ ትንንሽ ገንዘቦች በአንድ ላይ ሆነው ሥራ ላይ ስለሚውሉ የተሻለ ትርፍ ያገኛሉ፤ ሣጥኑም ከመንደሩ ራቅ ስለሚል በአንድ ቀን ስብሰባ ሙቀት አይከፈትም።

በኢትዮጵያ ዕቍብና ዕድር የማያውቅ ሰው የለም። ዕቍብ ገንዘቡን ከእጅ ወደ እጅ ያዞርና ዙሩ ሲያልቅ ይበተናል፤ ኬንያውያንም «ቻማ» በሚሉት ማኅበራቸው ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋሉ። ዕድር ግን ገንዘቡን ያስቀምጣል፤ የሚያስቀምጠው ለቀብር ነው። በ2019 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቍጥር 1113፣ ከመቋቋሚያ ዓይነቶች መካከል ንብረት ለበጎ ሥራ በቋሚነት የሚመደብበትን የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንትን ስለሚጨምር፣ በሕግ በኩል በሩ ክፍት ነው። ልማዱም ከዕድሮቹ ውስጥ ፈጽሞ የጠፋ አይደለም። ድንኳናቸውን፣ ወንበራቸውንና ድስታቸውን ለሠርግና ለድግስ የሚያከራዩ ዕድሮች አሉ፤ በኤች.አይ.ቪ. ብዙ ወላጆች ባለቁበት ዘመንም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ከቀብር ሥራቸው አልፈው ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ደብተርና ልብስ የገዙ ዕድሮች ነበሩ።